የሰፈራችሁን የጎርፍ ስጋት ካርታ እንዴት ትሰራላችሁ?

ድሬዳዋን እንውሰድ። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ በ1998 ዓ.ም ክረምት ግን ከ200 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍ በሌሊት የመጣው በሱ ነው። ስለዚህ ካርታውን ከተማው ላይ ብቻ እንዳትጀምሩት፣ ውሃው የሚወርደው ከላይ ከተራራው ስለሆነ የሳተላይት የከፍታ ዳታ አውርዳችሁ ተፋሰሱን (ውሃው ተሰብስቦ ወደ ወንዙ የሚወርድበትን አካባቢ) በሙሉ ኪውጂአይኤስ (QGIS) በሚባለው የካርታ መስሪያ ሶፍትዌር ላይ አውጡት (ሶፍትዌሩ ነፃ ነው)፣ ቤትና መንገዱን ማንም ሰው ሊጨምርበት ከሚችለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ፣ ከኦፕን ስትሪት ማፕ፣ ውሰዱ፣ የጎደለውን ራሳችሁ ጨምሩ።

ከዛ ሰፈር ውረዱ። እናቶችን "ውሃው እስከየት ደርሶ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ግድግዳው ላይ ያሳዩአችሁን በሜትር ለኩና ቦታውን በጂፒኤስ መዝግቡ፣ ለኔ ከሳተላይቱም በላይ ዋጋ ያለው ይሄ ነው። ደግሞ ውሃ የሚደርስበትን ብቻ ቀለም ቀብታችሁ አትተዉት፣ ቤቱ ጭቃ ይሁን ብሎኬት፣ አቅመ ደካማና ህፃን በየት በኩል እንደሚወጣም ይግባበት። ሲያልቅ በትልቁ ፕሪንት አድርጋችሁ ቀበሌ ላይ ለጥፉት።