የአየር ንብረት ለውጥንና የኑክሌር ጦርነትን ሥጋት እንዴት እናነጻጽር?

«ለዓለም ይበልጥ የሚያሰጋት የአየር ንብረት ለውጥ ነው ወይስ የኑክሌር ጦርነት?» የሚለው ጥያቄ በተማሪዎች ክርክርም ሆነ በሬዲዮ ውይይት በተነሣ ቁጥር ተከራካሪዎቹ የሚለያዩት ብዙውን ጊዜ በሚለኩት ነገር ነው። አንዱ የጥፋቱን መጠን ይዞ ሲናገር ሌላው የመድረሱን ዕድል ይዞ ይመልስለታል፤ እንዲህ እያሉ ቀኑን ሙሉ ቢዋሉ አይገናኙም። ስለሆነም ንጽጽሩን ለመጻፍ ወይም ለመከራከር የሚዘጋጅ ሰው መልስ ከመፈለጉ አስቀድሞ ጥያቄውን በየክፍሉ መለየት ይኖርበታል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የመድረስ ዕድልን ለብቻው ይያዙት። የአየር ንብረት ለውጥ እየደረሰ ያለ ነገር እንጂ «ይደርስ ይሆን?» የሚባልለት አይደለም። ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት በየሚሊዮኑ የአየር ሞለኪውል ውስጥ 280 ያህል የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 አልፏል፤ ከ2011 እስከ 2020 በነበሩት ዓመታት የተለካው የምድር ሙቀትም ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በ1.1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል በልጦ ተገኝቷል። ያልታወቀው ወደፊት ምን ያህል እንደሚብስ ነው። የኑክሌር ጦርነት ግን ወይ ይነሣል ወይ አይነሣም፤ ዕድሉን በቁጥር አስልቶ እርግጡን የሚናገር ሰው ቢያጋጥምዎ ይጠራጠሩት።

ዕድሉ አለመታወቁ ግን ከምንም አይቆጠርም ማለት አይደለም። «ከ1945 ወዲህ አልደረሰም፣ ስለዚህ አይደርስም» የሚለውን ክርክር ለመመዘን ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ሌሊት የሶቪየት ኅብረት የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሳተላይት አሜሪካ አምስት ሚሳኤሎችን እንደተኮሰች አስታወቀ። ተረኛ የነበረው መኮንን ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ግን «እውነተኛ ጥቃት ቢሆን ኖሮ በአምስት ሚሳኤል ብቻ አይጀመርም» ብሎ በማሰብ ማስጠንቀቂያው ሐሰተኛ ነው ሲል ሪፖርት አደረገ። ኋላ ሲጣራ መሣሪያውን ያሳሳተው ከደመና ላይ የተንጸባረቀ የፀሐይ ብርሃን ሆኖ ተገኘ። በ1995ም ለሳይንሳዊ ምርምር ከኖርዌይ የተወነጨፈች ሮኬት የሩሲያን የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ቀስቅሳ ጉዳዩ እስከ ፕሬዚዳንት የልሲን ድረስ ደርሶ ነበር። እንዲህ ያሉ ክሥተቶች ባሉበት ዓመታዊው ዕድል ለምሳሌ ያህል ከመቶ አንድ ነው ብንል (ይህ ለማስላት ብቻ የተወሰደ ቁጥር ነው)፣ በ50 ዓመት ውስጥ ጦርነት የመነሣቱ ዕድል ከመቶ 39 ያልፋል፤ በ100 ዓመት ደግሞ ከመቶ 63 ይሆናል። ስለዚህ ንጽጽርዎ ስንት ዓመትን እንደሚሸፍን ከመነሻው ይግለጹ፤ ይህን ሳይወስኑ «ዕድሉ ትንሽ ነው» ማለት ትርጉም የለውም።

ቀጥሎ የጥፋቱን መንገድ ይከተሉ። ስለ ኑክሌር ጦርነት ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ፍንዳታውንና ጨረሩን ነው፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ዋናው ነገር ጭሱ ይመስለኛል። በቦምብ የተቃጠሉ ከተሞች የሚያወጡት ጥቀርሻ ዝናብ ሊያጥበው ከማይችልበት ከፍታ ላይ ከወጣ የፀሐይን ብርሃን ለዓመታት ይጋርዳል፤ ምድር ትቀዘቅዛለች፣ የዝናብ ሥርዓት ይዛባል፣ አዝመራም ይከስማል። በ2022 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት በአሜሪካና በሩሲያ መካከል በሚደረግ ሙሉ ጦርነት ሳቢያ ከ5 ቢሊዮን በላይ፣ በሕንድና በፓኪስታን መካከል በሚደረግ ደግሞ ከ2 ቢሊዮን በላይ ሰው በረሃብ ሊያልቅ እንደሚችል ገምቷል። ምን ያህል ጥቀርሻ ምን ያህል ከፍታ ላይ ይደርሳል በሚለው ላይ ግን ሊቃውንቱ ይከራከራሉ፤ ስለዚህ እነዚህን ቁጥሮች ሲጠቅሱ የከፋው ግምት መሆናቸውን አብረው ይጻፉ። ያም ሆነ ይህ፣ የአፍሪካ አገሮች በፔሊንዳባ ስምምነት አህጉራቸውን ከኑክሌር መሣሪያ ነጻ ማድረጋቸው ከዚህ ረሃብ አያድናቸውም፤ ማዳበሪያዋን ከውጭ የምታስገባ አገር አንድም ቦምብ ሳይወድቅባት ልትራብ ትችላለች።

የአየር ንብረት ለውጥ ጥፋት ደግሞ በየቦታው ስለሚለያይ በዓለም አቀፍ አማካይ ብቻ አይለካም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በቦረናና በሶማሌ ክልል ከብቱ እንደ ቅጠል ረገፈ፤ ከብቱ የዕለት ምግቡም ቁጠባውም የሆነው አርብቶ አደር ሁለቱን ባንድ ጊዜ አጣ። ድርቁን የመረመሩ ሳይንቲስቶች የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለውን ድርቅ የመከሠት ዕድል ቢያንስ መቶ እጥፍ እንዳሳደገው አስታውቀዋል። ዓለምን ባንድ ቀን የማያጠፋ ሥጋት አንድን ማኅበረሰብ ግን ሊያጠፋ እንደሚችል ንጽጽሩ ማሳየት አለበት።

«የኑክሌር ጦርነት ምድርን ካቀዘቀዘ ሙቀቱን አያካክሰውም ወይ?» የሚል ጥያቄ አንዳንዴ በቀልድ፣ አንዳንዴም ከልብ ይነሣል። አያካክሰውም። ጥቀርሻው በዐሥር ዓመት ገደማ ውስጥ አብዛኛው ሲረግፍ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ብዙው ግን ለመቶዎች ዓመታት በአየር ላይ ይቆያል፤ ከረሃቡ የተረፈው ሕዝብ ሙቀቱ ተመልሶ ይጠብቀዋል።

የወሳኞቹንም ብዛት ያስተያዩ። ዘጠኝ አገሮች ብቻ ናቸው የኑክሌር መሣሪያ ያላቸው፤ ከጠቅላላው ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው በሩሲያና በአሜሪካ እጅ ይገኛል። በ1986 ወደ 70,000 ደርሶ የነበረው የአረሩ ቁጥር ዛሬ ወደ 12,000 ገደማ የወረደውም በመሪዎች ድርድር ነው። የካርቦን ልቀት ግን በእያንዳንዱ ኃይል ማመንጫ፣ ፋብሪካና መኪና ስለሚወጣ በጥቂት ፊርማዎች አይቆምም።

ሁለቱን በተለያየ ሚዛን ካስቀመጡ በኋላ ደግሞ የሚገናኙበትን ይፈልጉ። የኢንደስ ወንዝ ከሂማላያና ከካራኮረም በረዶ የሚመገብ ሲሆን የሚጋሩት ሕንድና ፓኪስታን ሁለቱም ባለ ኑክሌር ናቸው። ጦርነትን ተቋቁሞ የኖረውን የ1960 የውኃ ስምምነት ሕንድ በኤፕሪል 2025 አግዳዋለች። የእገዳው ምክንያት በካሽሚር የደረሰ ጥቃት እንጂ በረዶው አልነበረም፤ በረዶው እየሳሳ ሲሄድ ግን ውኃው ለሚቀጥለው ጠብ ማገዶ ሊሆን ይችላል።

የእኔን ፍርድ ለሚጠይቅ፣ ባንድ ጊዜ በሚያደርሰው ጥፋት የኑክሌር ጦርነት ይከፋል፤ ዛሬ እየገደለ ባለበት ደረጃ ግን የአየር ንብረት ለውጥ ይቀድማል፤ በአደባባይ የሚነገርለት ከአደጋው እጅግ ያነሰው የቱ ነው ከተባለ ኑክሌሩ ነው። እርስዎም ፍርድዎን ሲያሰፍሩ ቀኑንና ምን ቢለወጥ ሐሳብዎን እንደሚቀይሩ አብረው ይጻፉ። የሙቀቱን ልኬት በዓመት አንድ ጊዜ ማደስ ይበቃ ይሆናል፤ የኑክሌሩ ግን በአንድ ሳምንት ቀውስ ሊገለባበጥ ስለሚችል፣ በ2021 ሲራዘም እስከ ፌብሩዋሪ 2026 ብቻ እንዲጸና የተደረገውን የአሜሪካና የሩሲያ የኑክሌር መሣሪያ መገደቢያ ስምምነት (ኒው ስታርት) የመሰለ ቀነ ገደብ በደረሰ ቁጥር ያንን ክፍል እንደገና ይክፈቱት።