የስብ አሲድ በስብ ሕዋስ ውስጥ ያለውን ሥራ በቅቤ፣ በኑግ ዘይትና በስንደዶ ማስረዳት

የባዮሎጂ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ይጻፍ እንጂ የተማሪው ጥያቄ የሚመጣው በአማርኛ ነው። ስለዚህ በጎንደር ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ስብ ሕዋስ የሚያስተምር መምህር ከቤትና ከገበያ በማይጠፉ ሦስት ነገሮች፣ ማለትም በጥቂት የተነጠረ ቅቤ፣ በጥቂት የኑግ ዘይትና በአንድ እፍኝ ስንደዶ ቢጀምር ይቀናዋል። ለጋ ቅቤ ውኃና አሬራ ስለሚይዝ ለዚህ አይሆንም። ቅቤውንና ዘይቱን በየብርጭቆው አድርጎ መስኮት ላይ ማሳደርና ትምህርቱን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል፤ ከቀትር በኋላ ቅቤው ይላላና ልዩነቱ ይጠፋል።

ጠዋት ቅቤው ረግቶ ማንኪያ ያቆማል፤ ዘይቱ ግን ይፈሳል። ተማሪዎቹ ምክንያቱን ከመስማታቸው በፊት ስንደዶውን ይያዙት። ቀጥ ቀጥ ያለው በአንድ ላይ ሲታሰር ጥቅጥቅ ይላል፤ መካከሉ ላይ የታጠፈው ግን የቱንም ያህል ቢጠብቅ ክፍተት አያጣም። በቅቤ ውስጥ የሚበዙት የስብ አሲዶች በሃይድሮጅን የተሞሉ፣ ቀጥ ያሉ ሰንሰለቶች ናቸው። በኑግ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ሊኖሌይክ አሲድ ግን 18 ካርቦን ያለው፣ ሁለት ቦታ ላይ የሚታጠፍ ሰንሰለት ነው። ቀጥሎ ሦስት ስንደዶ ጫፋቸው ላይ በአንድ ክር ይታሰሩ፤ ክሩ ግሊሰሮል፣ እስሩ ደግሞ በስብ ሕዋስ ውስጥ የሚከማቸው ትራይግሊሰራይድ ነው።

ብዙዎቻችን የስብ ሕዋስን ጎተራ እያልን እናስተምራለን። ምሳሌው ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው፤ በዚህ ጎተራ ውስጥ እህሉ ራሱ ጎተራውን ያዛልና።

ለማስረዳት ከጾም የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በሁዳዴ፣ ምሽት 2 ሰዓት እራቱን በልቶ እስከ ማግስቱ ቀን 9 ሰዓት የሚጾም ተማሪ 19 ሰዓት ያህል ምግብ አይቀምስም። እራት እንደተበላ ኢንሱሊን ከፍ ይላል፤ የስብ ሕዋሱም ከደም የመጡትን የስብ አሲዶች ተቀብሎ ሦስት ሦስቱን ያስራቸዋል። ሌሊቱ ሲገፋ ኢንሱሊን ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሦስት ኢንዛይሞች እየተቀባበሉ እስሩን ይፈታሉ። እዚህ ላይ መምህሩ ስንደዶውን ከክሩ አንድ በአንድ ይምዘዘው። የተፈታው የስብ አሲድ አልቡሚን በተባለ ፕሮቲን ላይ ተጭኖ ወደ ልብ፣ ወደ ጡንቻና ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ክሩ፣ ማለትም ግሊሰሮሉ፣ ጉበት ውስጥ ግሉኮስ ይሠራበታል። ከተፈቱት ከፊሎቹ ግን ከሕዋሱ ሳይወጡ ኤቲፒ፣ ማለትም የሕዋሱ የጉልበት መገበያያ፣ ወጥቶባቸው እንደገና ይታሰራሉ፤ ሳይወጣ የተጠራቀመው የስብ አሲድም ፈቺዎቹን ኢንዛይሞች ያዘገያል።

አንድ ዓመት በኑግ ዘይት ኩራዝ አብርቼ «ስብ እንዲህ ይቃጠላል» ብዬ ነበር። በፈተናው ላይ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነጩ፣ ማለትም ስብ አከማቹ፣ የስብ ሕዋስ ያከማቸውን ሁሉ እዚያው እንደሚያቃጥለው ጻፉ፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። ስቡ በአብዛኛው የሚቃጠለው ወደ ሌሎች ሕዋሳት ከተላከ በኋላ መሆኑን አስቀድሞ መናገር ይገባል። እዚያም 16 ካርቦን ያለው ፓልሚቲክ አሲድ በካርኒቲን አጓጓዥነት የሕዋሱ ጉልበት ማመንጫ ወደሆነው ሚቶኮንድሪያ ይገባል፤ 7 ጊዜ ተቆርጦ 8 ባለ ሁለት ካርቦን ቁራጮች ይሆንና በመጨረሻ 106 ያህል ኤቲፒ ይሰጣል። ከአንድ ግሉኮስ የሚገኘው 30 ወይም 32 ነው። ግሉኮስ ያለው 6 ካርቦን ብቻ ስለሆነ ንጽጽሩ አያስተካክልም የሚል ጎበዝ ተማሪ አይጠፋም፤ ካርቦን ለካርቦን ሲመዛዘንም የስብ አሲዱ እንደሚበልጥ ራሱ አካፍሎ ይድረስበት።

ትእዛዙን በተመለከተ አንድ ስም ይበቃል። በሕዋሱ ኒውክሊየስ ውስጥ ፒፓር ጋማ የተባለ ፕሮቲን አለ፤ የስብ አሲዶች ሲጣበቁበት ስብ ለመቀበልና ለማከማቸት የሚያገለግሉ ጂኖችን ያነቃቃል።

ስብን ሙቀት ለመስጠት የሚያነድደውን ቡናማውን የስብ ሕዋስ ለመጨረሻ ማቆየት ይሻላል፤ ምሳሌውም ጥር 11 ማለዳ በፋሲለደስ መዋኛ ነው። ወጣቶቹ ወደ ተባረከው ቀዝቃዛ ውኃ ሲዘሉ ሰውነታቸው ኖርአድሬናሊን የተባለ መልእክተኛ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ እሱም በቡናማው ሕዋስ ውስጥ የስብ አሲዶችን ያስፈታል። በሚቶኮንድሪያው ሽፋን ላይ ያለውን የፕሮቶኖች (የሃይድሮጅን አየኖች) መንገድ በውኃ ወፍጮ መመሰል ይቻላል፤ ውኃው በመዘውሩ በኩል ሲወርድ እህል ይፈጫል፣ ማለትም ኤቲፒ ይሠራል። በጎን ያለው ቦይ ሲከፈት ግን ውኃው ሳይፈጭ ይወርዳል፤ ጉልበቱም ሙቀት ይሆናል። ቦዩ ዩሲፒ 1 የሚባለው ፕሮቲን ነው፤ የሚከፍተው የስብ አሲዱ ሲሆን የሚነደውም እሱው ነው። አዋቂ ሰው ይህ ሕዋስ የሚገኝበት በአንገቱና ከአንገቱ ሥር ባለው የአንገት አጥንት አካባቢ ጥቂት ብቻ ስለሆነ ከውኃው ወጥቶ በዋናነት የሚሞቀው በመንቀጥቀጥ ነው። አራስ ልጅ ግን እንደ አዋቂ መንቀጥቀጥ ስለማይችል፣ ብርድ ሲነካው የሚደርስለት በትከሻ አጥንቶቹ መካከል ያለው ቡናማ ስብ ነው።