በአራት ወረቀት የቤታችንን ሰው መጽሐፍ እንዴት እንሥራ?

የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ሪያድ ነው የምትሠራው፣ ልጅቷን የምታሳድጋት አያቷ ናት። አንድ ቀን የገዛሁላትን የሥዕል መጽሐፍ እያነበብኩላት «ይህ ቤተሰባችን ነው» የሚል ገጽ ላይ ደረስን። አባት ሶፋ ላይ፣ እናት ከጎኑ፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ አንዲት ሴት ልጅ፣ እግራቸው ሥር ድመት። ልጅቷ ጣቷን ድመቷ ላይ አድርጋ «ይቺ እኛም ቤት አለች» አለችና ገጹን ገለጠችው። ስለሌሎቹ ምንም አላለችም።

ስንት ዓይነት ቤት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን እኮ። አያት የምታሳድገው አለ፣ እናቱ አረብ አገር ያለች አለ፣ አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር ሆኖ በወር ሁለቴ የሚያየው አለ፣ ትምህርት ቤት ስለሚቀርበው አክስቱ ቤት የሚኖር አለ፣ እናቱ ብቻዋን የምታሳድገው አለ፣ በጉዲፈቻ የመጣ አለ። መጽሐፍ ስንገዛ ግን የምናገኘው ብዙ ጊዜ ያንኑ ሶፋ ነው።

ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የሚባሉ አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጽሑፍ የልጆችን መጽሐፍ በመስታወትና በመስኮት መስለውታል። ልጅ ራሱን የሚያይበትም፣ የሰውን ቤት የሚያይበትም ያስፈልገዋል ነው ነገሩ። የእኛዋ ልጅ ያላት መስኮት ብቻ ነበር። ስለዚህ መስታወቱን ራሴ ልሥራ አልኩ። ሥዕል አልችልም፣ ደራሲም አይደለሁም። አራት ወረቀት፣ መርፌና ክር፣ ከለር እርሳስ፣ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ነው የፈጀብኝ። ያበላሸሁትንም ጨምሬ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስሙን አድምጡ

ከወረቀቱ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ዝም ብላችሁ ልጁን ስሙት። ማንን ምን ብሎ ነው የሚጠራው? እኔ ይህን ሳላደርግ ጀምሬ «አያቴ ፀጉሬን ትሠራኛለች» ብዬ ጻፍኩ። አነበብኩላት። «አያቴ ማናት?» አለችኝ። እውነቷን ነው! አያቷን «እማዬ» ነው የምትለው፣ የወለደቻትን ደግሞ ቤት ውስጥ ሁሉም እንደሚጠራት «እትዬ» ትላታለች። ብዙ ቤት እንዲህ ነው። ስለዚህ የቀበሌ ቅጽ ላይ ያለውን ሳይሆን ልጁ አፍ ላይ ያለውን ቃል ጻፉ። ዘመድ መጥቶ «እንዴት አያቷን እማዬ ትያታለሽ» ቢላችሁ፣ መጽሐፉ የዘመድ አይደለም በሉት።

ወንድምና እህት ላይም ተጠንቀቁ። ሌላ እናት ወይም ሌላ አባት ያላቸው ልጆች ካሉ በእኛ ቋንቋ ሲያስፈልግ «የአባቴ ልጅ»፣ «የእናቴ ልጅ» ይባላል፣ በዕለት ተዕለት ግን ወንድሜ ወንድሜ ነው። ልጁ «ወንድሜ» ካለ «ወንድሜ» በሉ፣ ማብራሪያ አትጨምሩ።

የእንጀራ አባትና የእንጀራ እናት ነገር ከበድ ይላል። ተረቶቻችን ውስጥ የእንጀራ እናት በደህና አትነሳም፤ ገና ስሟ ሲጠራ ልጆቹ ክፋት ይጠብቃሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ ማንም ሰውን ፊት ለፊት «እንጀራ አባቴ» ብሎ አይጠራም። ጋሼ ነው፣ አባባ ነው፣ ወይም በስሙ ነው። ያንኑ ተጠቀሙ። ጋሼ ብስክሌት ሲያስተምረው ሳሉት፣ ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ጉዲፈቻ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ቃሉ ከኦሮሞ ባህል የመጣ ነው፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ቃል ይጠቀማል፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ነገር ግን ልጁ በጉዲፈቻ መምጣቱን እስካሁን ካላወቀ፣ መጽሐፉ የሚሰማበት ቦታ እንዳይሆን። አስቀድማችሁ በአፋችሁ ንገሩት። ካወቀ በኋላ የመጣበት ቀን አንድ ገጽ ይገባዋል፦ ማን በር ላይ ቆሞ ጠበቀው፣ ያን ቀን ምን ተበላ፣ የት ተኛ። አገራችን በ2010 ዓ.ም. ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ እንዳይሄዱ ከልክላለች፣ ከዚያ በፊት የሄዱት ግን ብዙ ሺህ ናቸው፤ አሜሪካ፣ ስፔን፣ ጣሊያን፣ ፈረንሳይ ያደጉ። እነሱን የሚያሳድግ የሚያነበኝ ካለ፣ የልጁን የመጀመሪያ ስም በፊደል ጻፉለት። አንድ ገጽ ሙሉ ስሙ ብቻ ቢሆን እንኳን አይበዛም።

ቀጥሎ አንድ ቀን ምረጡ

የዘር ሐረግ አትሳሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቤተሰብ ሲባል አባት ከላይ እናት ከጎን ብሎ ሳጥን መሥራት ይጀምራል፣ ሳጥኑ ባዶ የሆነበት ልጅ ደግሞ የሚያየው ባዶውን ነው። ይልቅ አንድ ተራ ቀን ያዙ። ጠዋት ማን ይቀሰቅሳል? ሹሩባውን ማን ይሠራል? ምሳ ዕቃውን ማን ይቋጥራል? ከትምህርት ቤት ማን ያመጣል? ማታ ማን ይደውላል? እንዲህ ሲሆን ያለው ሰው በሚሠራው ሥራ ይገባል፣ የሌለውም ክፍት ሳጥን ሆኖ አይቀርም። ጎረቤትም ይገባል፣ የባጃጁ ሹፌርም ይገባል፣ የክርስትና እናትም፣ ቤት ውስጥ የምታግዘውም። ልጅን ስንት ሰው እንደሚያሳድገው ስትቆጥሩት ትገረማላችሁ።

ሩቅ ያለ ሰው ካለ ሰዓቱን አስተካክሉ። ሪያድና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው፣ ስለዚህ የእህቴ ልጅ ስትነሳ እናቷም በዚያው ሰዓት ልትነሳ ትችላለች፤ ይህን ስነግራት በጣም ደስ አላት፣ ሁለቱን አልጋ ጎን ለጎን ሳልንው። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ቤሩት በበጋቸው ከእኛ እኩል ነው፣ በክረምታቸው አንድ ሰዓት ይዘገያል። ዋሽንግተን ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ እዚያ ላይ በአንድ ገጽ ፀሐይና ጨረቃ አብራችሁ መሳል ትችላላችሁ።

አሁን ያበላሸሁት ሁለተኛው ነገር። መጨረሻው ላይ «እትዬ በቅርቡ ትመጣለች» ብዬ ጽፌ ነበር። እናቷን ሳስነብባት ዝም አለች። ውሏ ሁለት ዓመት ነው፣ ገና አምስት ወሯ። መጽሐፍ በየማታው ነው የሚነበበው፣ ስለዚህ በየማታው ልንዋሽ ነበር። ገጹን አወጣሁት። የማታውቁትን ቀን አትጻፉ። «ለአንቺ ስትል ነው የሄደችው» የሚለውንም ተዉት፣ የአምስት ዓመት ልጅ ትከሻ ይህን አይሸከምም። የምታውቁትን ጻፉ፦ ማታ ትደውላለች፣ ስትስቅ ጥርሷ ይታያል፣ የምትወደው ዘፈን ይሄ ነው።

የሞተ አባት ካለ «ሩቅ አገር ሄዷል» አትበሉ። በተለይ ሩቅ አገር በእውነት የሄደ ሰው ባለበት ቤት ልጁ ሁለቱን ያምታታቸዋል፤ ወይ አባቱን ይጠብቃል፣ ወይ እናቱ ልትሞት መስሎት ይፈራል። «አባባ ሞቷል። ኮቱ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ።» ይበቃል። ለሰው ጆሮ ጠንከር ይላል፣ ልጅ ግን ግልጽ ነገር ሲሰማ ነው የሚረጋጋው።

ወላጆች የተለያዩበት ቤት ቀላሉ ነው። ሁለት የጥርስ ብሩሽ፣ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቦርሳ። አዲስ አበባም ይሁን አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ልዩነት የለውም። አንዱን ቤት «ቤታችን» ሌላውን «የአባቷ ቤት» እንዳትሉ ብቻ።

ጽሑፉ

አራት ወረቀት ሲታጠፍ 16 ገጽ ነው። አንደኛው ሽፋን፣ ሁለተኛው የልጁ ስም፣ ከ3 እስከ 14 ታሪኩ፣ 15ኛው ባዶ (ምክንያቱን በኋላ)፣ 16ኛው የጀርባ ሽፋን። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ አሥራ ሁለት አጭር ጽሑፍ ነው። በቃ። አንዱ ከዘጠኝ ቃል ባይበልጥ ደስ ይለኛል።

ልጅ የሚደጋገም ነገር ይወዳል፣ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ለማለት እንዴት እንደሚቸኩል አይታችሁ የለ? አንድ የሚመለስበት ቃል ስጡት። እኔ «አለሁ» የሚለውን መረጥኩ፦

«ፀጉሬን ማን ይሠራል?»
«እኔ አለሁ» አለች እማዬ።

«ከትምህርት ቤት ማን ያመጣኛል?»
«እኔ አለሁ» አለ ባለ ባጃጁ።

«ማታ ማን ይደውልልኛል?»
«እኔ አለሁ» አለች እትዬ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ «እኔ አለሁ» የምትለው እሷ ሆነች፣ እኔ ዝም አልኩ።

ወረቀቱና ሥዕሉ

አራት ኤፎር ወረቀት ደርባችሁ መሐል ለመሐል እጠፉ። ሳትለያዩ እያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ ከ1 እስከ 16 ቁጥር ጻፉ፣ ከዚያ ለያዩአቸው። አሁን ሥርዓቱ ግራ ያጋባል፤ 16 ከ1 ጎን፣ 2 ከ15 ጎን ይሆናል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ በአንድ ፊት ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ ሁልጊዜ 17 ይመጣሉ። 17 ካልመጣ ወረቀቱን ገልብጣችኋል ማለት ነው።

ማርከር አትጠቀሙ፣ ተራ ወረቀት ላይ ወደ ጀርባ ያልፋል። ከለር እርሳስ ይሻላል። ሥዕል ካልቻላችሁ ፎቶውን መስኮት ላይ ለጥፋችሁ፣ ወረቀት ደርባችሁ ቅርጹን ተከተሉት። ከአሮጌ ቀሚስ ቁራጭ ጨርቅ ቆርጦ መለጠፍም ያምራል፤ የአያቷን ቀሚስ ከራሱ ከቀሚሱ ነው የሠራነው። ለቆዳ ያንን ሮዝ እርሳስ አታንሱ፣ ቡናማውን ጫን ላላ እያደረጋችሁ የእያንዳንዱን ሰው መልክ ፈልጉ። እኛ ቤት ብቻ አራት ዓይነት ቡናማ ወጣ።

ኮምፒውተር ላይ የምትጽፉ ከሆነ የፊደሉን መጠን ከ22 አታሳንሱት። «ሀ» እና «ሁ» በትንሽ ጽሑፍ ለጀማሪ አንድ ናቸው።

ስፌቱ

ተራ ስቴፕለር እስከ ማጠፊያው አይደርስም። ፎቶ ኮፒ ቤት ረጅም ክንድ ያለው ካለ ሁለት ቦታ ይመቱላችኋል። እኔ ግን መስፋቱን እመርጣለሁ። ገጾቹን በተራ ደርቡ፣ ከውጭ ወፈር ያለ ወረቀት ወይም ያለፈ ዓመት ካላንደር ተጨማሪ ሽፋን አድርጉ። ማጠፊያው ላይ በወስፌ ሦስት ቀዳዳ፦ መሐል፣ ላይ፣ ታች። ክር 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ፣ ሻማ ላይ ጎተት አድርጉት፣ አይተረተርም። ከውስጥ በመሐለኛው ቀዳዳ አስወጡ፣ ከውጭ በላይኛው አስገቡ፣ ከውስጥ መሐለኛውን ዘልላችሁ በታችኛው አስወጡ፣ እንደገና ከውጭ በመሐለኛው አስገቡ። ሁለቱ ጫፎች ውስጥ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ረጅሙን ክር መሐል አስገብታችሁ ቋጥሩ። ወስፌውን ለልጅ አትስጡ፣ ክሩን መሳብ ግን ይችላሉ፣ ይወዱታልም።

ሲያልቅ

አንብቡላቸውና እርማት ተቀበሉ። ሩቅ ላለው ሰው ገጾቹን በስልክ አንሥታችሁ ላኩ፣ ማታ በድምፅ ያንብበው። ፌስቡክ ላይ ግን አትለጥፉት፣ የቤት ምስጢር የያዘ መጽሐፍ ነው።

ሁለተኛ ለመሥራት አቅም ካጣችሁ፣ ደቡብ አፍሪካ የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ ድረ ገጽ ላይ በአማርኛም ሆነ በሌሎች የአፍሪካ ቋንቋዎች የልጆች ታሪኮች በነፃ አሉ፤ አውርዶ ማተምና ለራስ በሚስማማ መንገድ መቀየር ተፈቅዷል። ደግሞ ጎረቤት የራሱን ከሠራ ተዋዋሱ። ያኔ ልጃችሁ መስኮትም ያገኛል፣ ያውም ሰዎቹን በሚያውቃቸው ቤት።

15ኛው ገጽ ባዶ የሚቀረው ለልጁ ነው። አዲስ ሰው ሊወለድ ይችላል፣ የረሳችሁት ሰው ሊኖርም ይችላል። የእኛዋ መጽሐፉ ተሰፍቶ እጇ በገባበት ማታ ገጹን ፊቴ ዘርግታ ቡናማውን እርሳስ ያዘች። አሥራ ሁለት ገጽ ጽፌ ድመቷን ረስቻት ኖሯል። ጆሮዋን ሁለት፣ ጭራዋን ረጅም አድርጋ ከሳለቻት በኋላ፣ እርሳሱን ለእኔ ሰጥታ «ጻፍ» አለችኝ፦ «አይጥ ማን ይይዛል?»