የኦኪዩፔሽናል ቴራፒ ዶክትሬት በአሜሪካ፦ ከመግቢያ ኮርስ እስከ ሥራ ፈቃድ

በአሜሪካ ኦኪዩፔሽናል ቴራፒስት ለመሆን ሁለት መንገድ አለ፦ ማስተርስ ወይም በአጭሩ ኦቲዲ የሚባለው የመግቢያ ዶክትሬት። ሁለቱም ለአንድ ብሔራዊ ፈተና ያበቃሉ፤ ሁለቱም ያንኑ የስቴት ፈቃድ ያስገኛሉ። በስትሮክ አንድ ጎኗ የከዳት ሴት ራሷ እንድትለብስ፣ እርሳስ መያዝ ያቃተው ሕፃን እንዲጽፍ የሚረዳው ባለሙያ የትኛውን ዲግሪ እንደያዘ ታካሚው አያውቅም። ደመወዙም በአብዛኛው በሥራ መደቡ እንጂ በዲግሪው አይወሰንም። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2024 ያወጣው የሙያው መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 98,340 ዶላር ነው፤ ማስተርስና ዶክትሬት ለይቶ አላስቀመጠም።

«ማስተርስ ሊቀር ነው» የሚለው ወሬ እስካሁን ይናፈሳል። መነሻው እውነት ነበር፤ ለትምህርት ክፍሎች ዕውቅና የሚሰጠው ኤኮት በ2017 (ሁሉም ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከ2027 ጀምሮ መግቢያው ዶክትሬት ብቻ እንዲሆን ወስኖ ነበር። ውሳኔው በ2018 እንዲቆም ተደረገ፤ በ2019 ደግሞ ሁለቱም እንዲቀጥሉ ተወሰነ። ስለዚህ ዶክትሬቱን በፍርሃት አይምረጡ። ለማስተማር፣ አዲስ አገልግሎት ለማቋቋም ወይም ክፍል ለመምራት ለሚያስብ ሰው ተጨማሪው ጊዜ ዋጋ አለው። ሆስፒታል ገብቶ ቶሎ መሥራት ብቻ ለሚፈልግ ግን፣ አቅራቢያው ርካሽና ዕውቅና ያለው ማስተርስ ካለ ያ ይበልጥበታል። ማስተርሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል፣ ዶክትሬቱ ሦስት ዓመት ገደማ ይወስዳል።

ገንዘቡን ከማመልከቻው በፊት ያስሉ፤ የብድር ሕጉ ተቀይሯልና። ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ቀርቷል። ከዚያ በኋላ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከመንግሥት መበደር የሚችለው በዓመት እስከ 20,500፣ በጠቅላላው እስከ 100,000 ዶላር ነው። ሕጉ «ፕሮፌሽናል» ለሚላቸው ዲግሪዎች ጣሪያው በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ነው፤ ነገር ግን የትምህርት መሥሪያ ቤቱ በ2025 መጨረሻ ባቀረበው ዝርዝር ውስጥ ኦኪዩፔሽናል ቴራፒ አልገባም። በሦስት ዓመት 61,500 ዶላር ማለት ነው። የትምህርት ክፍያው ከዚያ ካለፈ ቀሪው ከኪስ ወይም ከግል ባንክ ይመጣል፤ ባንኩ ደግሞ የክሬዲት ታሪኩ አጭር ከሆነ ሰው ዋስ ይጠይቃል። በዲቪ የገባ ሰው ግሪን ካርድ ስላለው ለፌዴራል ብድር ብቁ ነው፤ የስቴቱ ነዋሪ ተብሎ በቅናሽ ለመማር ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ስቴት 12 ወር መኖር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ማመልከቻው ሊገባ ሲል ወደ ሌላ ስቴት መዛወር በዶላር ያስቀጣል።

ትምህርት ቤት ሲመርጡ መጀመሪያ የሚያዩት በኤኮት ዝርዝር ላይ ያለውን ደረጃ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዕውቅና ከሌለው ፕሮግራም የተመረቀ ሰው ብሔራዊውን ፈተና መውሰድ አይችልም። አዲስ ፕሮግራም መጀመሪያ «እጩ» ይሆናል፣ ቀጥሎ ቅድመ ዕውቅና ያገኛል፣ ሙሉ ዕውቅናውን የሚያገኘው የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ወደ መመረቂያቸው ሲቃረቡ ነው። ሕጋዊ ነው፤ ግን የመጀመሪያው ዙር ተማሪ አደጋውን አብሮ እየተሸከመ መሆኑን ማወቅ አለበት። ነባር ትምህርት ቤት ከሆነ በድረ ገጹ ላይ የምረቃውንና የፈተናውን ማለፊያ መጠን ይፈልጉ። ማለፊያው ከፍ ብሎ ምረቃው ዝቅ ካለ፣ ደካማዎቹ ፈተናው ጋ ሳይደርሱ ተንጠባጥበዋል ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ እዚህ ላይ አለ። «ፖስት ፕሮፌሽናል ኦቲዲ» የሚባለው አጭር፣ ብዙ ጊዜ በኦንላይን የሚሰጥ ዲግሪ ፈቃድ ላላቸው ቴራፒስቶች ብቻ ነው። አዲስ ገቢ ቢማረውም ወደ ፈቃድ አያደርሰውም። የእርስዎ «ኢንትሪ ሌቭል» የሚለው ነው።

ዶክትሬቱ የሚጠይቀው የባችለር ዲግሪ በየትኛውም ዘርፍ ሊሆን ይችላል፤ አካውንቲንግም፣ ነርሲንግም ይሆናል። የማይቀሩት ቅድመ ኮርሶች ናቸው። ከላብ ጋር የሚሰጡት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ስታቲስቲክስ፣ የሥነ ልቦና መታወክን የሚያጠናው አብኖርማል ሳይኮሎጂ፣ ከልደት እስከ እርጅና ያለውን ዕድገት የሚያጠናው ኮርስ፣ እንዲሁም ሶሲዮሎጂ ወይም አንትሮፖሎጂ በብዛት ይጠየቃሉ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ርካሹ ቦታ ነው። ሰዎች የሚሰናከሉት ሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛ፣ ብዙ ፕሮግራሞች ባለፉት አምስት ወይም አሥር ዓመታት ውስጥ የተወሰደ ኮርስ ብቻ ይቀበላሉ፤ ጎንደር ወይም ጅማ የተማሩት አናቶሚ ቢያምርም ጊዜው አልፎበት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የዕድገት ሳይኮሎጂው «ሙሉውን የሕይወት ዘመን» መሸፈን አለበት፤ የሕፃናት ሳይኮሎጂ ብቻ ከሆነ ይመለሳል። ከመመዝገብዎ በፊት የኮርሱን መግለጫ ለፕሮግራሙ ይላኩና መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

በኢትዮጵያ ፊዚዮቴራፒ ወይም ኦኪዩፔሽናል ቴራፒ ያጠና ሰው ክሬዲቱ ዶክትሬቱ ውስጥ ይቀነስልኛል ብሎ ባያስብ ይሻላል፤ በአብዛኛው አይቀነስም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባቋቋመው የኦኪዩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ክፍል የተመረቀ ሰው ግን ዶክትሬት ከመጀመሩ በፊት ብሔራዊው ፈተና ሰጪ ኤንቢኮት በውጭ ለተማሩ ቴራፒስቶች ያዘጋጀውን የብቁነት ግምገማ ያንብብ። ምናልባት እንደገና ከዜሮ መጀመር ላያስፈልገው ይችላል።

ማመልከቻው ኦትካስ በሚባለው የጋራ ሥርዓት ይገባል፤ የዓመቱ ዙር ጁላይ ውስጥ ይከፈታል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ቀነ ገደቡን ሳይጠብቁ እየገመገሙ ይቀበላሉና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ማስገባት ይመከራል። የውጭ ትራንስክሪፕት በየኮርሱ ተዘርዝሮ መገምገም አለበት፤ ዲግሪውን ብቻ የሚመዝነው ርካሹ ግምገማ አይረዳም፣ የየኮርሱ ውጤት ስለማይታይበት። ከኢትዮጵያ ሬጅስትራር የታሸገ ሰነድ እስኪወጣ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ይህን ከሁሉ ያስቀድሙ።

ስም ደግሞ ራሱን የቻለ ችግር ነው። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም መጨረሻ ሆኖ ይገባል፣ ዲፕሎማው የአባት ስም ላይ ያቆማል፣ የፊደሉ አጻጻፍም በየወረቀቱ ይለያያል። በኦትካስ፣ በትምህርት ቤቱ መዝገብ፣ በፈተናውና በመታወቂያው ላይ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይያዙ። ፈተና ጣቢያው በር ላይ መታወቂያውና ምዝገባው ካልተመሳሰለ አያስገቡም።

ከማመልከትዎ በፊት ቴራፒስት ሲሠራ የሚያዩበት የምልከታ ሰዓት ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል፤ አንዳንዱ 20፣ አንዳንዱ 40 ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል፣ ጨርሶ የማይጠይቅም አለ። የሚቆጠረው ፈቃድ ባለው ኦኪዩፔሽናል ቴራፒስት ሥር ያሳለፉት ብቻ ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ በረዳትነት መሥራት ጥሩ ልምድ ነው፤ ነገር ግን በፊዚዮቴራፒስት ወይም በነርስ ሥር የዋሉበት ሰዓት እዚህ አይገባም። ከተቻለ ሆስፒታልና የሕፃናት ክፍል ሁለቱንም ይዩ። የግል መግለጫውን የሚያነብ መምህር ቴራፒስቱ ምን አድርጎ ታካሚው ምን ማድረግ እንደቻለ የሚያሳይ አንድ አንቀጽ ይፈልጋል። «ሰው መርዳት እወዳለሁ» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል።

ከተገቡ በኋላ የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነው፤ የሬሳ ላብ ያለው አናቶሚ፣ ኒውሮሳይንስና የእንቅስቃሴ ሳይንስ ይደራረባሉ። ኮርሶቹ በዓመት አንዴ በተራ ስለሚሰጡ አንዱን የወደቀ ተማሪ ዓመት ሙሉ ጠብቆ ከሚቀጥለው ዙር ጋር ነው የሚቀላቀለው። የሌሊት ፈረቃ ወይም ኡበር እየሠሩ ይህን ዓመት ማለፍ ለጥቂቶች ብቻ ይሳካል። ሥራ ግድ ከሆነ፣ የንድፈ ሐሳቡን ክፍል በኦንላይን ሰጥቶ ለላብ በተወሰኑ ቀናት የሚጠራ ዲቃላ ፕሮግራም ይፈልጉ።

የተግባር ፈተናዎቹ በእጅ የሚያዙ ነገሮች ናቸው። ታካሚን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወርን እንውሰድ። ዊልቸሩን ጠንካራው ጎን ላይ ገደድ አድርገው ያስጠጉ፣ ሁለቱንም ፍሬን ይቆልፉ፣ የእግር ማሳረፊያውን ያንሱ። የማንሻ ቀበቶውን የታካሚው ወገብ ላይ ያጥብቁ፣ እግሮቹ ወለሉን መርገጣቸውን ይዩ። የደከመውን ጉልበት በራስዎ ጉልበት ደግፈው «ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ» ካሉ በኋላ ያስነሡ። ፍሬን መርሳት ብቻውን የሚጥልባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። እኛ ዘንድ በሽተኛን ማንሳት በብብት ገብቶ ወይም ክንድ ይዞ መጎተት ነው፤ ስትሮክ ያደከመው ትከሻ ግን ጡንቻ ስለማይይዘው ሲጎተት ከቦታው ሊወርድ ይችላል። ያ ልማድ ፈተናው ላይ ሳይታሰብ ይወጣል፤ እስኪለቅ ድረስ ይለማመዱ።

ሁለተኛው ደረጃ ፊልድወርክ፣ ማለትም ከታካሚዎች ጋር የሚደረገው ዋናው የተግባር ልምምድ፣ 24 ሳምንት የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በ12፣ በ12 ሳምንት ተከፍሎ በሁለት ቦታ ይሠራል፣ አብዛኛው ያለ ክፍያ። ከመግባትዎ በፊት የክትባት ማስረጃ፣ የወንጀል ምርመራ፣ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራና የሲፒአር ካርድ ይጠየቃሉ። በሕፃንነቱ ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት የተከተበ ሰው የቲቢ የቆዳ ምርመራው ያለ በሽታ ፖዘቲቭ ሊያሳይበት ይችላል፤ ከዚያ ራጅ፣ ቀጠሮና መዘግየት ይከተላሉ። ከመጀመሪያው ኳንቲፌሮን የሚባለውን የደም ምርመራ ይጠይቁ፤ እርሱን ቢሲጂ አያሳስተውም። የተለመደው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ ሦስት ዶዝ ነው፣ ስድስት ወር ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ይጀምሩት።

የፊልድወርኩ የግምገማ ቅጽ 37 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ይሰጠዋል። ለማለፍ ቢያንስ 111 ያስፈልጋል፣ የትኛውም ነጥብ ላይ 1 ማግኘት አይቻልም፣ ሥነ ምግባርና ደኅንነትን የሚመለከቱት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ላይ ደግሞ ከ3 መውረድ አይፈቀድም። በአጋማሹ፣ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ዝቅ ያለ ነጥብ ማየት የተለመደ ነው። የሚያሳስበው ዝም ማለት ነው። በእኛ ባህል ተማሪ አለቃው ፊት ዝም ሲል ጨዋ ይባላል፤ እዚህ ግን ጥያቄ የማይጠይቅ ተማሪ «ክሊኒካዊ አስተሳሰቡ አይታይም» ተብሎ ይጻፍበታል። ለምን ያንን ልምምድ እንደመረጡ በየቀኑ ጮክ ብለው ያስረዱ። አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ሲመጣ አስተርጓሚ እንዲሆኑ ከተጠየቁም የተቋሙን ደንብ ይጠይቁ፤ ብዙ ሆስፒታሎች ብቃቱ የተረጋገጠለት አስተርጓሚ ብቻ ነው የሚፈቅዱት።

ዶክትሬቱን ከማስተርሱ የሚለየው ዋናው ክፍል ካፕስቶን የሚባለው የማጠቃለያ ፕሮጀክት ነው፤ 14 ሳምንት፣ 560 ሰዓት። የሚጀመረው ኮርሱና የሁለተኛው ደረጃ ፊልድወርክ ካለቁ በኋላ ነው። ከቦታው ውጭ፣ ለምሳሌ ቤት ሆኖ በመጻፍ፣ የሚሠራው ከ20 በመቶ፣ ማለትም ከ112 ሰዓት መብለጥ የለበትም። የቀድሞ ሥራ ወይም ፊልድወርክ አይተካውም። አማካሪው ኦኪዩፔሽናል ቴራፒስት መሆን አይጠበቅበትም፤ በመረጡት ዘርፍ ዕውቀት ያለው መሆኑ ግን በሰነድ መረጋገጥ አለበት። የጽሑፍ ዳሰሳው፣ የፍላጎት ጥናቱ፣ ግቦቹና የግምገማ ዕቅዱ የሚያልቁት ከመጀመሩ በፊት ነው።

ርዕስ ሲመርጡ ያጥብቡት። ለምሳሌ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ባለ የአረጋውያን የቀን መዋያ አማርኛ ተናጋሪዎች ቤት ውስጥ እንዳይወድቁ የስምንት ሳምንት ሥልጠና ማዘጋጀትና ውጤቱን መለካት በ14 ሳምንት ያልቃል። «የስደተኛ አረጋውያን ጤና» አያልቅም። ሥራው ምርምር ከሆነ የሥነ ምግባር ቦርድ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ተሳታፊዎቹ የሚፈርሙት የስምምነት ቅጽም በአማርኛ መዘጋጀት አለበት፣ ይህ ሁሉ ወራት ይበላል። የአገልግሎት ማሻሻያ ግምገማ ከሆነ ግን ቦርዱ ብዙ ጊዜ ምርምር አይደለም ብሎ በፍጥነት ይመልሰዋል፤ ያንን መልስ በጽሑፍ ይያዙ። ከተቋሙ ጋር የሚፈረመው የስምምነት ሰነድ በጠበቆች ጠረጴዛ ላይ ሊቆይ ስለሚችል ንግግሩን ከዓመት በፊት ይጀምሩ። ካፕስቶን የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ፊርማ ነው።

የኤንቢኮት ፈተና አራት ሰዓት ነው፤ ውጤቱ ከ300 እስከ 600 ይሰጣል፣ ማለፊያው 450 ነው። የሚፈተኑት መስፈርቱ ሁሉ ሲሟላ ስለሆነ የዶክትሬት ተማሪ ለ14 ሳምንት ከታካሚ ርቆ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በካፕስቶኑ ወቅት በቀን ሠላሳ ደቂቃ ጥያቄ መሥራት ኋላ ላይ ወር ከመታሰር ያድናል። ጥያቄዎቹ ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ» ይላሉ፤ መልሶቹ ሁሉ ትክክል ሊመስሉ ይችላሉ። የሚያስወድቀው ፊልድወርክ ላይ ያዩትን መመለስ ነው፤ ጥያቄው የሚፈልገው ደኅንነትንና ቅደም ተከተልን ነው።

ፈተናውን ማለፍ የመሥራት መብት አይሰጥም። ፈቃዱን የሚሰጠው ስቴቱ ነው፤ ብዙዎቹ አሻራ ይጠይቃሉ፣ እንደ ቴክሳስ ያሉት ስለራሳቸው ሕግ ተጨማሪ ፈተና አላቸው። ቀጣሪ የሥራ መጀመሪያ ቀን ሲጠይቅዎ የፈቃድ ቁጥርዎ በስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ሳይወጣ ቀን አይቁረጡ።