አንዴ መጥታችሁ አትጥፉ፦ ስለ ውጥረትና ካውንስሊንግ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሰው ይመጣል፣ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ እንዳቀፈ ይቀመጥና «በቃ ምከረኝ» ይላል። ይሄን ስንቴ እንዳየሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። ስሙን «የምክር አገልግሎት» አልነው፤ ምክር ደግሞ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ወይም የነፍስ አባት የሚሰጠው ነው፤ ሰምተህ፣ «እሺ» ብለህ ትሄዳለህ። ካውንስሊንግ ላይ ግን አብዛኛውን የምታወሩት እናንተ ናችሁ። የመጀመሪያ ቀን ጥያቄዎቼ ተራ ይመስላሉ፦ ስንት ሰዓት ትተኛላችሁ? ጠዋት ስትነቁ ቀድሞ የሚመጣባችሁ ሐሳብ ምንድን ነው? ስልክ ሲጠራ ትከሻችሁ ምን ይሆናል? ሰውየው ለዚህ ነው እንዴ የከፈልኩት ብሎ ይወጣል፣ በዚያው ይጠፋል። እባካችሁ! ዓመታት የተጠራቀመ ነገር በ50 ደቂቃ አይፈታም። ቢያንስ አራት አምስት ቀጠሮ ስጡት። ካልተግባባን ፊት ለፊት ንገሩኝ፣ ወይም ሌላ ባለሙያ ፈልጉ።

እኔም ጀማሪ ሳለሁ አጥፍቻለሁ። አንዲት ሴት የቤት ኪራይና የወንድሟ የትምህርት ክፍያ አንድ ላይ ወጥሯት መጣች። ገና ሳትጨርስ «ለቤተሰብ እምቢ ማለት ልመጂ» አልኳት። እናታቸው የምትኖረው በእሷ እጅ መሆኑን አልጠየቅኩም። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሄደች፤ አልተመለሰችም። እስካሁን ይቆጨኛል። ዛሬ ቢሆን ወረቀት አውጥተን ለሁለት እንከፍለው ነበር፤ በአንድ በኩል በዚህ ሳምንት በእጇ ያለውን፣ በሌላው የሌለውን። ከዚያ ከመጀመሪያው በኩል አንዷን ብቻ፣ ለምሳሌ አከራይዋን የአሥር ቀን ጊዜ መጠየቅን፣ እንዴት ብላ እንደምትናገር እዚያው እንለማመዳለን።

ሌላው «ሆድ ይፍጀው» ነው። ሆድ ግን ፈጅቶ አይጨርሰውም። ጅብ ቢመጣባችሁ ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ሆርሞኖች ይለቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ጅቡ ሲሄድ ሁሉም ይረጋጋል። ኪራይ ግን በየወሩ ይመለሳል፣ ሰውነትም ሳያርፍ ይከርማል። ለዚህ ነው «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ ማየት) ድረስ ሄዶ ምንም ያልተገኘበት ሰው ከእኔ ዘንድ የሚደርሰው። የጨጓራ ባክቴሪያም ስላለ መጀመሪያ መመርመራችሁ ትክክል ነው። ስህተቱ ውጤቱ ንጹህ ሲሆን «እንግዲህ ምንም የለብኝም» ማለት ነው።

ጫት ቅሞ መርሳት፣ ከዚያ እንቅልፍ እንዲመጣ ጨብሲ። ማታ ያልወሰደ እንቅልፍ ጠዋት ድካም ይሆናል፣ ድካሙ ደግሞ እንደገና ጫት ይጠራል። ቡናም ቢሆን የማታውን ተዉት፤ ከጠጣችሁት አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላም ካፌይኑ ግማሽ ያህሉ ሰውነት ውስጥ ነው።

የትንፋሽ ልምምድ «ሞከርኩት፣ አልሠራም» የምትሉኝ፣ መቼ ነው የሞከራችሁት? ጭንቅ ጥብብ ሲላችሁ ብቻ ከሆነ ብዙም አይሠራም። ሰላም ባላችሁበት ሰዓት ተለማመዱት፤ እስከ 4 እየቆጠራችሁ በአፍንጫ አስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ አምስት ደቂቃ።

ካውንስሊንግ ሲባል አማኑኤል ሆስፒታል ፊታችሁ የሚደቀንባችሁ፣ ተረጋጉ፤ እዚያ የሚታከም ሰውም እንደማንኛውም ታማሚ ነው፣ እኔ ጋ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛው በማግስቱ ሥራ የሚገባ ሰው ነው። ጠበል የምትሄዱም ሂዱ፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት ግን ሳታማክሩት አታቋርጡ።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩና አብራችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። ማታም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ክፍት ነው።