የ1996ቱ ሀዋሳ ከተማ ከ2013ቱ ፋሲል ቢገናኝ? የዘመን ተሻጋሪ ሲሙሌሽን ችግርና መፍትሄ

ሀዋሳ ላይ ክርክሩ ሁሌ የሚነሳው ከአንድ ቦታ ነው፦ የ1996ቱ ሻምፒዮን ሀዋሳ ከተማ ይበልጣል ወይስ የ1999ኙ? ከዚያ ወደ ጊዮርጊስ፣ ወደ ፋሲል፣ ወደ ብራዚል ይሻገርና አንዱ ላፕቶፕ ከፍቶ «ኮምፒውተሩ ይፍረድ» ይላል። ኮምፒውተሩ የሚፈርደው ግን በተሰጠው ቁጥር ነው። ይህ ጽሑፍ በኤክሴልና በፖይሶን ቀመር (ከቡድኑ አማካይ ጎል ተነስቶ 0፣ 1፣ 2… ጎል የማግባቱን ዕድል በሚያሰላው) ለሚሠሩ ነው። ጎልን ለጨዋታ ብዛት ማካፈል አይብራራም።

4-2 ብላችሁ የጻፋችሁት ቀን ሆኖ ከተገኘ

ኤክሴል በሰረዝ የተጻፈ ውጤት ሲያይ ቀን ይመስለዋል። ሴሉን በኋላ ወደ ጽሑፍ ብትቀይሩት 4-2 አይመለስም፤ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ይወጣል። እሱን ለመጠገን አትድከሙ፣ አጥፉት። ያስቆጠረውን በአንድ ዓምድ፣ የተቆጠረበትን በሌላ ዓምድ እንደ አዲስ ጻፉ።

ቡድኑ የሌላ ቡድን ቁጥር ይዞ ከመጣ

የዘመን አቆጣጠር ጣጣ ነው። «2003» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ በኛ አቆጣጠር ሻምፒዮኑ ኢትዮጵያ ቡና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጠናቀቀውን ውድድር የወሰደው ግን ጊዮርጊስ ነው። ሀዋሳን «1996» ብላችሁ ከፈረንጆቹ ሠንጠረዥ ጋር ካገናኛችሁት ደግሞ የባሰ ነው፤ ፕሪሚየር ሊጉ ራሱ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ1996 አልነበረም። 1954ም ሁለት ፊት አለው፦ በኛ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችበት፣ በእነሱ ምዕራብ ጀርመን የዓለም ዋንጫን የወሰደችበት ዓመት ነው። ሁለት ዓምድ ክፈቱ፦ አንዱ ዓ.ም.፣ ሌላው እ.ኤ.አ.። የሊግ ዘመን ሲሆን በሁለቱ ዓመታት ጻፉት፤ የኛ 1996 የእነሱ 2003/04 ነው። ፋይሎችን የምታገናኙት በእ.ኤ.አ. ዓምድ ብቻ ይሁን።

የድሮው ቡድን ሁሉንም ካራገፈ

ከአሥር ፋይል ዘጠኙ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ሁለት የዓለም ዋንጫ ሻምፒዮኖችን፣ የ1954ቱን (እ.ኤ.አ.) ምዕራብ ጀርመንና የ2010ሯን ስፔን ውሰዱ። ጀርመን በ6 ጨዋታ 25 አስቆጥራ 14 ተቆጠረባት። ስፔን በ7 ጨዋታ፣ በመደበኛው 90 ደቂቃ ብቻ ሲታይ፣ 7 አስቆጥራ 2 ተቆጠረባት (የፍጻሜው ጎል የመጣው በጭማሪ ሰዓት ነው)። ብዙ ሰው የሚያደርገው የጀርመንን ማስቆጠር 4.17 ከስፔን መቆጠር 0.29 ጋር ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው፤ 2.23 ይሆናል። ለስፔንም እንደዚያው ሲደረግ 1.67 ይወጣል። ጀርመን አሸነፈች ተብሎ ወዲያው ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል።

ስህተቱ ዘመኑ ነው። በ1954ቱ ውድድር በ26 ጨዋታ 140 ጎል ገብቷል፤ በጨዋታ 5.38፣ በቡድን 2.69 ማለት ነው። በ2010 በ64 ጨዋታ የገባው 145 ነው፤ በቡድን 1.13። ያኔ ጎል ማግባት የሁሉም ነገር ነበር፤ በ2010 ደግሞ ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው የሚጫወተው። እያንዳንዱን ቡድን የምትለኩት በራሱ ውድድር አማካይ ነው፦

የጀርመን ማጥቃት 4.17 ሲካፈል ለ2.69፣ 1.55። መከላከሏ 2.33 ሲካፈል ለ2.69፣ 0.87።
የስፔን ማጥቃት 1.00 ሲካፈል ለ1.13፣ 0.88። መከላከሏ 0.29 ሲካፈል ለ1.13፣ 0.25።

መከላከል ላይ ያነሰ ቁጥር የተሻለ ነው፤ ይህን ገልብጠው የሚያባዙም አሉ። ቀጥሎ ሁለቱ የሚገናኙበትን የጋራ ሜዳ ምረጡ። የ2022ቱን የዓለም ዋንጫ አማካይ ብትወስዱ 172 ጎል በ64 ጨዋታ ነው፤ በቡድን 1.34። ለጀርመን 1.34 × 1.55 × 0.25፣ ማለትም 0.52 ጎል። ለስፔን 1.34 × 0.88 × 0.87፣ ማለትም 1.03። አሸናፊዋ ተቀየረች።

ይህ የድሮ ቡድኖችን ማሳነሻ አይደለም። የ1970ዋ ብራዚል በ6 ጨዋታ 19 ስታገባ የ1990ዋ ምዕራብ ጀርመን በ7 ያገባችው 15 ነው፤ በጥሬው 3.17 ለ 2.14፣ ሰማይና ምድር ነው። በየውድድራቸው አማካይ ሲካፈል 2.13 ለ 1.94 ይሆናል።

እዚሁ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ። አንደኛ፣ የጨዋታውን አማካይ ለሁለት ሳይከፍሉ 5.38ን እንዳለ መጠቀም፤ ቡድኑ ሁሉ ከ1 በታች ከወረደ ምክንያቱ ይሄ ነው። ሁለተኛ፣ «የድሮ ስለሆነ በ0.8 አባዛሁት» የሚባለው። ይሄ 0.8 ከየት እንደመጣ ጠይቁና መልሱን ስሙ፤ ከኪስ ነው። ሦስተኛ፣ የዓለም ዋንጫ ቡድንን በሊግ አማካይ ማካፈል። አራተኛ፣ የመለያ ምት ጎሎችን መደመር። የ2006ቱ ፍጻሜ 1 ለ 1 ነው፣ በቃ።

ሁለት ጨዋታ የተጫወተ ቡድን ጀግና ሲሆን

ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. ዋንጫውን ያነሳችው በሁለት ጨዋታ ነው፦ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2። በ90 ደቂቃው ከግብጽ ጋር 2 ለ 2 ስለነበረች 6 ጎል በ2 ጨዋታ ያዙ። የውድድሩ አማካይ በቡድን 2 ነው፤ ማጥቃቷ 1.5 ይወጣል። በሁለት ጨዋታ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር አይታመንም።

መፍትሄው ለእያንዳንዱ ቡድን 5 አማካይ ጨዋታ መጨመር ነው። ድፍድፉን በውሃ እንደማቅጠን ነው። ለኢትዮጵያ፦ 6 ሲደመር 10 (5 ጨዋታ በአማካዩ 2 ጎል)፣ ለ7 ጨዋታ ሲካፈል 2.29፤ ለ2 ሲካፈል 1.14። የላይኞቹንም እንዲሁ ስታቀጥኑ ጀርመን 0.98፣ ስፔን 1.16 ይሆናሉ፤ ስፔን አሁንም ትመራለች፣ ግን ለጥቂት። አምስት የተቀደሰ ቁጥር አይደለም፤ ሦስትም ስምንትም ይቻላል። ለአንዱ ቡድን ሦስት፣ ለሌላው ስምንት ግን ማጭበርበር ነው።

ጀርመን በሀንጋሪ 8 ለ 3 የተሸነፈችበት ጨዋታ ላይ ዋና ዋና ተጫዋቾቿ አርፈው ነበርና «ይውጣ» የሚል አይጠፋም። ሲወጣ መከላከሏ ሳይቀጥን ከ0.87 ወደ 0.45 ይወርዳል። ማውጣት የፈለገ ሁለቱንም ውጤት ጎን ለጎን ያሳይ፤ ዝም ብሎ ረድፍ መሰረዝ ግን አይቻልም።

የቀሩት

የፕሮባቢሊቲ ሠንጠረዡ ድምር ከ1 በላይ ከሆነ፦ የፖይሶን ፈንክሽኑ መጨረሻ ላይ «ፎልስ» መሆን ያለበት «ትሩ» ሆኗል። ድምሩ 0.9 አካባቢ ከቀረ ሠንጠረዡ አጭር ነው። አማካዩ 4 ለሆነ ቡድን እስከ 6 ጎል ብቻ መዘርጋት 11 በመቶውን ይቆርጣል፤ እስከ 10 አስኪዱት።

ኢንተር በተጫነ ቁጥር አሸናፊው ከተቀያየረ፦ የራንደም ቁጥሩ ራሱን እያደሰ ነው። ውጤቱን ኮፒ አድርጋችሁ እንደ ቫልዩ ለጥፉት። ኤፍ 9ን እየደበደበ የራሱ ቡድን ሲያሸንፍ ስክሪንሾት ከሚያነሳ ሰው ጋር አትከራከሩ። 100 ዙር ያስኬደ ሰው «52 በመቶ» ሲላችሁ 42ም 62ም ሊሆን ይችላል፤ 10,000 አስኪዱ፣ ስህተቱ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል።

አቻ ካነሰ፦ ፖይሶን 0 ለ 0ንና 1 ለ 1ን ያሳንሳል፤ የታወቀ ባሕርይው ነው።

ፕሌይስቴሽን ቤት በጆይስቲክ የተደረገ ግጥሚያ ሲሙሌሽን አይደለም። ጣት ነው የሚያሸንፈው።

ሀዋሳ ሁሌ የሚረታ ከሆነ፦ የሜዳ ጥቅሙን እዩ። ገለልተኛ ሜዳ ላይ አድርጉት፣ ወይም ደርሶ መልስ አጫውቱ። ከፋሲል ጋር ሲሆን በተለይ ተጠንቀቁ፤ በ2013 ሊጉ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ፣ ሀዋሳንም ጨምሮ፣ ነው የተካሄደው። በዚያ ዓመት ፋይል ላይ «በሜዳው» የሚለው ዓምድ ትርጉም ስለሌለው ዜሮ አድርጉት።