ሲስተሙ ተሠርቶ መዝገቡ ሳይዘጋ ሲቀር፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለንግድ ፈቃድ፣ ለመጋዘን፣ ለገቢ አሰባሰብና ለመሳሰሉት ሥራዎች ሶፍትዌር የምታለሙ ቡድኖች ከታች ያሉት ችግሮች ሲገጥሟችሁ ቀድሞ የሚወቀሰው ኮዱ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ሥራው ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ሂደቱን ፈትሹ።

ችግር፦ ርክክቡ አልቋል፣ ሥልጠናም ተሰጥቷል። ሠራተኛው ግን ቀን መዝገብ ላይ ይጽፍና ማታ ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጣል።

ምክንያት፦ «ሠራተኛው ለውጥ ይፈራል» ይባላል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። አልሚው ሂደቱን የቀዳው ከመመሪያው ወይም ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የሥራ ፍሰት ነው። ፋይሉ ግን እንዲያ አይሄድም። የቡድን መሪው ስብሰባ ሲገባ ባለሙያው በስልክ አስፈቅዶ ይቀጥላል፤ ክሊራንስ ያላመጣ ተገልጋይ ፋይሉ መሳቢያ ውስጥ ያድራል፤ ማህተሙ ያለው አንድ ሰው እጅ ብቻ ነው። ሲስተሙ ለእነዚህ ቦታ ስላላዘጋጀ መዝገቡ ቦታ ይሰጣቸዋል።

መፍትሄ፦ 10 ፋይል ምረጡ፤ 5ቱ ያለችግር ያለቁ፣ 5ቱ የተጓተቱ ይሁኑ። እያንዳንዱን ከመስኮቱ እስከ ማህተሙ ተከተሉ። በየጠረጴዛው ሦስት ሰዓት መዝግቡ፦ ፋይሉ የደረሰበት፣ ሥራው የተጀመረበት፣ የወጣበት። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ያለው ወረፋ ነው፤ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ሥራ ነው። አንድ የንግድ ፈቃድ እድሳት 5 የሥራ ቀን፣ ማለትም 40 ሰዓት ፈጀ እንበል። ሥራው ተደምሮ 50 ደቂቃ ከሆነ፣ ፎርሙን የቱንም ያህል ብታፈጥኑት የምታተርፉት ከዚያች 50 ደቂቃ ላይ ነው። የቀረው 39 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ወረፋ ነው፤ እሱን የሚቀንሰው ውክልናና የፊርማ ብዛት መቀነስ ነው።

ስትጠይቁም «ደንቡ ምን ይላል?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ፈራሚው ሲታጣ ምን ታደርጋላችሁ?» በሉ። ለሚመጣው መልስ ሁሉ በሲስተሙ ውስጥ የራሱን ሁኔታ ፍጠሩለት፦ «በውክልና የጸደቀ»፣ «ማስረጃ የሚጠብቅ»፣ «ለእርማት የተመለሰ»። ከዚያ መዝገቡና ሲስተሙ ጎን ለጎን የሚሄዱበትን ጊዜ በ2 ሳምንት ገድባችሁ መዝገቡ የሚዘጋበትን ቀን በደብዳቤ አሳውቁ። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል፣ ተከታታይ ቁጥር አስቀድሞ የታተመበት ቅጽ ይኑር፤ መብራት ሲመጣ ያው ቁጥር ይገባል፣ ድግግሞሽም አይፈጠርም።

ችግር፦ ሁሉም ሥራ «90 በመቶ ደርሷል»፣ ያለቀ ግን የለም።

በእጅ የተያዘው ሥራ በዝቷል። ተመራማሪው ጆን ሊትል በ1961 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ቀመር ነገሩን በአንድ መስመር ያሳያል፦ አማካይ የቆይታ ጊዜ ማለት ተጀምሮ ያላለቀው ሥራ ብዛት በሚጠናቀቅበት ፍጥነት ሲካፈል ነው። 12 ሥራ ተከፍቶ በሳምንት 3 የሚያልቅ ከሆነ አንዱ በአማካይ 4 ሳምንት ይቆያል። ፍጥነቱ ሳይቀየር የተከፈተውን ወደ 6 ብታወርዱት 2 ሳምንት ይሆናል። ስለዚህ ካንባን ሰሌዳችሁ (ሥራው የደረሰበት ደረጃ በዓምድ በዓምድ የሚታይበት ሰሌዳ) ላይ ለየዓምዱ ጣሪያ ጻፉ። የ«ፍተሻ» ዓምድ ጣሪያው 3 ሆኖ ከሞላ፣ ኮድ የሚጽፈው ሰው አዲስ አይጀምርም፤ ፍተሻውን ያግዛል። አስተዳዳሪዎች ይህን ሥራ መፍታት አድርገው ያዩታል፤ ቁጥሩን በ4 ሳምንት ውስጥ አሳዩአቸው። «አልቋል» የሚለውም በጽሑፍ ይወሰን፦ ተፈትሿል፣ ባለሙያው በራሱ እጅ ሞክሮታል፣ ሰርቨር ላይ ወጥቷል።

ችግር፦ በየስፕሪንቱ (ሥራው በሚከፋፈልበት አጭር የጊዜ ዙር) የጸደቀው ሥራ በቀጣዩ ይፈርሳል።

ፕሮዳክት ኦውነር (ምን ቀድሞ እንደሚሠራ የሚወስን ሰው) ተብሎ የተመደበው ባለሙያ የመወሰን ሥልጣን የለውም፤ ኃላፊው ዘግይቶ ያይና ይለውጠዋል። ስፕሪንት የተወሰደበት ስክረም የተባለው የቡድን አሠራር ባለው ደንብ ይህን ቦታ የሚይዘው አንድ ሰው እንጂ ኮሚቴ አይደለም። ለብቻው የሚወስናቸው ጉዳዮች በውክልና ደብዳቤው ላይ ተዘርዝረው ይሰጡት። ስፕሪንቱንም 2 ሳምንት አድርጉት፤ ደንቡ እስከ አንድ ወር ይፈቅዳል፣ ነገር ግን በአንድ ወር ውስጥ የሚበላሸው ሥራ ብዙ ነው። የግምገማውን ሰዓት ለአርብ ቀትር አትያዙ። ከ5፡30 እስከ 7፡30 ድረስ ጁምዓ ነው፤ ወሎ ላይ ግማሹ ወሳኝ ሰው አይገኝም።

ችግር፦ ማመልከቻው ከአንዱ ጠረጴዛ ወጥቷል፣ ሌላው ጋ አልደረሰም፤ የስህተት መልእክትም የለም።

የቢፒኤምኤን ሥዕሉን (የሥራ ሂደቱን በምልክት የሚያሳየውን) ክፈቱና መንገዱ የሚከፈልባቸውንና የሚገናኝባቸውን አልማዞች ተመልከቱ። «አድራሻ ተቀይሯል?» የሚለው ጥያቄ መንገዱን የሚከፍለው በመስቀል ምልክት ነው፤ አንዱ መንገድ ብቻ ይመረጣል። መንገዶቹ ሲገናኙ ግን የመደመር ምልክት ከተቀመጠ ሲስተሙ ሁለቱንም ይጠብቃል። ሁለተኛው ስለማይመጣ ማመልከቻው እዚያው ይቀራል። በተቃራኒው በመደመር ተከፍቶ በመስቀል ከተዘጋ ቀጣዩ ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ሁለት ደረሰኝ ሲታተም ያያችሁት ይህን ነው። በከፈታችሁበት ምልክት ዝጉ። ሥዕሉን ማረም ግን በመንገድ ላይ ያሉትን አያስለቅቅም፤ አብዛኞቹ የሂደት ሞተሮች (ሥዕሉን የሚያስኬዱት ሶፍትዌሮች) የተጀመረውን ጉዳይ በድሮው ሥሪት ስለሚያስኬዱት ወደ አዲሱ ማዛወር የእናንተ ሥራ ነው።

ችግር፦ የዓመቱ ሪፖርት ከመዝገቡ ድምር ያንሳል።

ሪፖርቱ በ12 ወር ተሠርቶ ጳጉሜን ጥሏል። ቀኑን በጎርጎርዮሳዊ አስቀምጡና ሲታይ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ቀይሩት። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲቀር ነው። በ2015 ጳጉሜን 6 ሞክሩት፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ላይ ካልዋለ ቀኑን የሚቀይረው ኮድ ስህተት አለበት።

ችግር፦ የተመዘገበ ሰው ተፈልጎ አይገኝም፣ እንደ አዲስ ይመዘገባል።

ሙሐመድ፣ ሙሃመድ፣ መሐመድ፣ መሀመድ፦ አንድ ሰው በአራት መስኮት አራት ዓይነት ይጻፋል። የስሙ ቅጂ የሚቀመጥበት የፍለጋ ዓምድ ጨምሩ። እዚያ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነቤታቸው ይግቡ። ከዚያ ፊደሉን ወደ ግዕዝ ቤቱ መልሱት። ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት) ላይ ፊደላችን በ8 በ8 ስለተደረደረ የኮዱ ቁጥር ለ8 ሲካፈል የሚቀረውን መቀነስ ይበቃል፤ ሙ 4633 ነው፣ 1 ሲቀነስ 4632 ይሆናል፣ እሱም መ ነው። የሚመሳሰሉት ስሞች ከአባትና ከአያት ስም ጋር ይዘርዘሩና ባለሙያው ይምረጥ። ሲስተሙ በራሱ አያዋህዳቸው። ሰርተፍኬቱ ላይ የሚታተመው ስምም ባለቤቱ እንደጻፈው የተመዘገበው እንጂ ከፍለጋ ዓምዱ የተወሰደ አይሁን።